ማጨድ ወይስ መጠበቅ? የመጸው ሳምንት ትንበያዎችን አነጻጽሮ ለመምረጥ

ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ አባቴ ሲደውልልኝ ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይመጣል። «እስኪ ስልክህ ላይ ሰማዩ ምን ይላል?» ምንጃር ያለው ጤፍ እየደረሰ ነው፤ አጫጅ መቅጠር አለበት፤ ደመናውን ግን አላመነውም። እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጬ የአንድ ዓመት ልፋቱን የሚነካ መልስ መስጠት አለብኝ። እንደኔ ከከተማ ሆናችሁ ለገጠር ቤተሰቦቻችሁ ትንበያ የምታነቡ ብዙ ናችሁና፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የተማርኩት በጥፋት ነው። አንድ ዓመት «አምስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ነው አባዬ፣ ይታጨድ» አልኩት። ያነበብኩት ግን የአዲስ አበባን ትንበያ ነበር። ሁለት ጥማድ ታጭዶ ነዶው መሬት ላይ እንደተኛ፣ በሦስተኛው ሌሊት ዝናብ ወረደበት። ከሥር ያለው በቀለ። የተረፈው ነጭ ጤፍም መልኩ ተበላሽቶ ገበያ ላይ እንደ ሰርገኛ ተቆጠረ። አባቴ አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ ስም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ጸደይ ይለዋል፤ ጸደይ ግን መጋቢት 26 የሚገባው ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ከፍለው ክረምት፣ በጋና በልግ ይሉታል፤ በእነሱ አከፋፈል ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ጊዜ በሙሉ በጋ ነው። ስለዚህ በሬዲዮ «የበጋ ወቅት ትንበያ» ሲባል ስትሰሙ ገና ሩቅ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የሚያወራው ስለዚሁ ስለ አጨዳው ጊዜ ነው።

ሦስቱ ምንጮች

ለሳምንቱ የምናማክረው ከሦስት አንዱን ነው፤ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን መግለጫ፣ የስልክ መተግበሪያን፣ ወይም የአባቶችን ምልክት። ሦስቱም የሚያውቁት ነገር የተለያየ ነው። ችግር የሚመጣው አንዱን ሌላው የሚያውቀውን ስንጠይቀው ነው።

ኢንስቲትዩቱ ከዕለታዊው ትንበያ ሌላ የአስር ቀን፣ የወርና የወቅት መግለጫ ያወጣል። የአስር ቀኑ በፈረንጆች ወር ከ1፣ ከ11 እና ከ21 ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ የያዛችሁት መግለጫ ያለፈው ወይስ የሚመጣው መሆኑን ቀኑን አይታችሁ አረጋግጡ። ጥንካሬው አገሩን የሚያውቁ ሰዎች የጻፉት መሆኑ ነው። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኞቹን ዞኖች እንደሚነካ፣ የደረሰ ሰብል ያለው ገበሬ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ጭምር ይናገራል። ድካሙ ደግሞ ስፋቱ ነው። «በሰሜን ሸዋ በጥቂት ቦታዎች» የሚል ቃል የእናንተ ቀበሌ ከጥቂቶቹ አንዷ ትሁን አትሁን አይነግራችሁም። በነገራችን ላይ «በጥቂት ቦታዎች»፣ «በብዙ ቦታዎች» የሚሉት ቃላት ዝናቡ ምን ያህል መሬት እንደሚያዳርስ የሚገልጹ እንጂ መጠኑን የሚለኩ አይደሉም። በጥቂት ቦታ የሚዘንብ ዝናብ ከባድ ሊሆን ይችላል።

የስልኩ መተግበሪያ በተቃራኒው ነው። ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ሰዓት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ያ ቁጥር ግን የሚያወጣው የኮምፒውተር ስሌት ነው። ስሌቱ ምድርን በካሬ ይከፋፍላታል። ከታወቁት ዓለም አቀፍ ስሌቶች የአውሮፓው ካሬ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአሜሪካው ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ አገር በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደጋውም፣ ገደሉም፣ ቆላውም አብረው ይገኛሉ። ስሌቱ ሁሉንም አማካይ አድርጎ እንደ አንድ ሜዳ ያያቸዋል።

መተግበሪያ ስትከፍቱ ከተማ መርጣችሁ አትተዉት። ካርታው ላይ ማሳው ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ተጫኑ፤ ከፍታ የሚያሳይ ከሆነ ከማሳው ከፍታ ጋር አስተያዩት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ አዲስ አበባ ላይ የምታዩት ቁጥር ወደ ስምጥ ሸለቆ ለሚወርደው ምንጃር አይሠራም። ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። ስልኩ «15:00» ሲል ከቀኑ 9 ሰዓት ማለቱ ነው፤ «03:00» ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ይህን ሳያስተውሉ ለጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብለው ለቤተሰብ የነገሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት መቶኛው ነው። «30 በመቶ» ሲል ቀኑን 30 በመቶ ያህል ይዘንባል ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ቀን አስር ጊዜ ቢመጣ በሦስቱ ያ ቦታ ዝናብ ያገኛል ማለት ነው። ከመቶኛው ቀጥሎ ሚሊ ሜትሩን እዩ። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ ጥማድን ሩብ ሄክታር ብንለው 5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማሳው ላይ 12,500 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ነፋስና ፀሐይ ካለ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ካፊያ እስከ እኩለ ቀን ይደርቃል። 15 እና 20 ሲጽፍ ግን ነዶው እስከ ሥሩ ይርሳል።

ሁለት መተግበሪያ ተመሳሳይ ነገር ስላሳየ ደግሞ ሁለት ምስክር አገኘሁ አትበሉ። ብዙዎቹ የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው። የተለያየ ስሌት የሚያሳይ መተግበሪያ ካላችሁ የአውሮፓውንና የአሜሪካውን ጎን ለጎን አይታችሁ ሲስማሙ እመኑ፤ ሲለያዩ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያለውን ሥዕል እኔ እንደ ወሬ ነው የምይዘው። ሰባተኛው ቀን ላይ የተሳለችው ደመና በማግስቱ ስትከፍቱት የለችም፤ በሦስተኛው ቀን ትመለሳለች። ይህን አይቶ አባቱን በየቀኑ ሐሳብ የሚያስቀይር ልጅ ከመርዳት ይልቅ ይጎዳል።

ሦስተኛው የአባቶች ምልክት ነው፤ እኔ ይህን ከልቤ አከብራለሁ። አባቴ ጨረቃ ስትከበብ ካየ ነዶውን ለማንሳት ይቸኩላል። ጨረቃን የሚከባት ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ የበረዶ ቅንጣት ያለው ስስ ደመና ነው፤ እንዲህ ያለው ደመና ብዙ ጊዜ እርጥበት ከሚያመጣው የአየር ሥርዓት ቀድሞ ይደርሳል። የነፋሱንም አነፋፈስ ያውቃል። በዚህ ወቅት የተለመደው ከምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው፤ እሱ ቆሞ አየሩ ሲከብድና ሲወብቅ አንድ ነገር ተለውጧል። ጠዋት ጤዛው ወፍራም ከሆነ ሌሊቱ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ረግቶ አድሯል ማለት ነው። እነዚህ ምልክቶች ግን የሚያዩት ለዛሬና ለነገ ነው። ለሳምንት አትጠይቋቸው።

እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ነው። አጫጅ ለመቅጠርና ደቦ ለመጥራት የአስር ቀኑን መግለጫ እከተላለሁ። የትኛው ቀን ይታጨድ ለሚለው የስልኩን የመጀመሪያ ሦስት ቀናት። ጠዋት ማጭድ ይነሳ አይነሳ ለሚለው ደግሞ የአባቴን ዓይን። አባቴ «ዛሬስ አይሆንም» ካለ ስልኩ ምንም ፀሐይ ቢያሳይ አልከራከረውም።

ጥያቄውን መለወጥ

«ማጨድ ወይስ መጠበቅ» ብለን ስንጠይቅ አንድ ሳምንት ሙሉ የማይዘንብበት ጊዜ እንፈልጋለን። ያንን የሚያረጋግጥልን ትንበያ የለም። ይልቅ ጤፉ በሦስት ሁኔታ ዝናብ ሊያገኘው እንደሚችል እናስብ፤ ቆሞ፣ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ወይም ተከምሮ።

ቆሞ ያለ ጤፍ አንድ ዝናብ ቢያገኘው ይጋሸባል፤ አጨዳው ይከብዳል፤ ግን ነፋስ ሲነፍስበት ዛላው መልሶ ይደርቃል። በደንብ የተከመረ ክምርም ጫፉ ሾጥጦ ከተሠራ ውኃውን በጎኑ ያወርዳል፤ የሚርሰው ላዩ ብቻ ነው። እርጥብ መሬት ላይ የተኛ ነዶ ግን ከላይም ከታችም ይርሳል፤ ነፋስ ወደ ውስጡ አይገባም፤ ሁለት ቀን ካደረ መብቀል ይጀምራል። አደጋው ያለው ከማጭድ እስከ ክምር ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ «ሳምንቱ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ዛሬ ያጨድነውን እስክንከምር ድረስ ያሉት ሁለት ሦስት ቀናት እንዴት ናቸው?» የሚል ይሁን። ትንበያ በደንብ የሚያውቀውም እነዚህኑ ቀናት ነው።

ይህ አጨዳውን ራሱን ይለውጠዋል። አስር ሰው ጠርቶ ማሳውን በአንድ ቀን ከመጨረስ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ደርቆ ሊከመር የሚችለውን ያህል ብቻ ማጨድ። ሠራተኛ ሁለቴ መጥራት ወጪ አለው፤ አልክድም። የበቀለ ነዶ ግን ከዚያ ይበልጣል።

መጠበቅም ዋጋ አለው። ከመጠን በላይ የደረቀ ጤፍ ሲነካ ይረግፋል፤ ፍሬው ከአፈር ከተቀላቀለ ማን ይለቅመዋል? የአስር ቀኑ መግለጫ እርጥበት ይኖራል ካለ እና ጤፉ ከደረሰ ደረቁን ቀን ብትሻሙ ጥሩ ነው። ደረቅ ይሆናል ካለ ደግሞ አትዘግዩ፤ ጠዋት ጤዛው ገና ሳይለቅ ማጨድ መርገፉን ይቀንሰዋል።

የቀን መቁጠሪያውንም ከትንበያው ጎን አስቀምጡት። ኅዳር 6 ቁስቋም፣ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን፤ እሑድም አለ። ስልኩ አራት ደረቅ ቀን ቢያሳይ ከእነሱ ሁለቱ በዓል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በብዙ አካባቢ በዚያ ቀን ማጭድ አይነሳም። በዓሉ ዋዜማ ታጭዶ በዓሉን መሬት ላይ ተኝቶ የሚውል ነዶ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ዝናቡ ከየት ይመጣል?

ክረምት ሲወጣ ዝናብ የሚያመጣው ቀበቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ሰሜኑና መካከለኛው አገር ከዐረብ ምድር አቅጣጫ በሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሥር ይገባል። ሰማዩ የሚጠራው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ግን ከሰሜን በኩል፣ ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ፣ ከፍ ባለው አየር ውስጥ ቀዝቃዛ ማዕበል ወደ እኛ ይዘልቃል፤ ከዐረብ ባሕርና ከቀይ ባሕር እርጥበት ስቦ ያለ ወቅቱ ያዘንባል። በአጨዳ ላይ የሚደርሰው ዝናብ ዋና ምንጭ ይህ ነው። መግለጫው ስለ ቀይ ባሕር እርጥበት ወይም ከሰሜን ስለሚመጣ ሥርዓት ሲያነሳ ጆሯችሁን አቁሙ። በዐረብ ባሕር ላይ የሚነሳ አውሎ ነፋስም ይታሰብ፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጋቲ የተባለው ሶማሊያ የባሕር ዳርቻ ላይ አርፏል።

ከሳምንቱ በስተጀርባም የዓመቱ ጠባይ አለ። ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው መሞቅ) ሲነሳ ወይም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይበልጥ ሲሞቅ፣ የደቡቡና የደቡብ ምሥራቁ የመጸው ዝናብ ይበረታል፤ በ2012 ዓ.ም. እና በ2016 ዓ.ም. መጸው እንዲህ ሆኗል። በ2016ቱ ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጎድቷል። ላኒኛ (የዚያው ውቅያኖስ መቀዝቀዝ) ሲሆን ግልባጩ ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረናና ሶማሌ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈውባቸዋል። የወቅቱ መግለጫ «ከመደበኛ በላይ» ካለ፣ የሦስት ቀኑ ትንበያ ላይ የምታዩትን ትንሽ ደመና በቀላሉ አትለፏት።

እንደ አገሩ

አንድ ትንበያ ለሁሉም አገር አንድ ትርጉም የለውም። በምንጃርና በአድአ ጤፍን የሚያበላሸው የጥቅምት ዝናብ፣ እዚያው አጠገብ መረሬ (ጥቁር የሸክላ) አፈር ላይ ለተዘራው ሽምብራና ጓያ በረከት ነው። ክረምቱ በተወው እርጥበት የሚያድጉ ናቸውና። አባቴ በአንድ ሌሊት ዝናብ በአንድ ዓይኑ ሲያዝን በአንዱ ይደሰታል።

በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ጥያቄው ከዝናብ ይልቅ ውርጭ ነው። ለጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው በከንቱ አይደለም። እዚህ ላይ ስልኩ ያሳስታል። የሚሰጣችሁ ሙቀት ከመሬት አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ያለው አየር ነው፤ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ «ዝቅተኛ 3» ወይም «4» ሲል፣ ረባዳ ቦታ ላይ ያለ ባቄላ ሊመታ ይችላል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚፈስ ተዳፋቱ ሲተርፍ ረባዳው ይቃጠላል። የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ የቆመ፣ አየሩ የደረቀ። ደመና ካለ ውርጭ አትፍሩ።

በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ኮምባይነር ይወስናል። ማሽኑ ተራው ሲደርስ ይመጣል፤ ቀን አትመርጡለትም። ስለዚህ ትንበያውን የምታነቡት ለመወሰን ሳይሆን ለመዘጋጀት ነው፤ ገለባው እርጥብ ከሆነ ከማለዳ ይልቅ ከሰዓት በኋላ እንዲገባ መነጋገር፣ እህሉን የሚያሰጡበት ሸራ ቀድሞ ማቅረብ።

ቡና አገር ሌላ ነው። በጅማ፣ በከፋ፣ በሸካና በኢሉባቦር ክረምቱ ቶሎ አይወጣም፤ ጎሬና ማሻ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች ናቸው። በሲዳማና በጌዴኦም የቡና ለቀማ ከዚሁ የመጸው ዝናብ ጋር ይገናኛል። እዚያ ደረቅ ሳምንት እጠብቃለሁ የሚል ሰው ቡናው ዛፍ ላይ ይደርቅበታል። የሚሻለው መልቀምን ሳያቋርጡ፣ ከከሰዓቱ ዝናብ በፊት በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን መሸፈን ነው። ስለዚህ ለቡና የምፈልገው ሰዓቱን የሚናገር ትንበያ ነው። ዝናቡ 8 ሰዓት ላይ ነው ወይስ 11 ሰዓት ላይ? ላስቲኩን የሚዘረጋ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር የሚለው የሚወሰነው በዚያ ነው።

ቦረና፣ ጉጂና ሶማሌ ያላችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ገልብጣችሁ አንብቡት። እዚያ መጸው የዝናብ ጊዜ ነው፤ ቦረና ሀገያ፣ ሶማሌ ደይር ይለዋል። የሳምንቱ ደመና ግጦሽና የኩሬ ውኃ ነው። እዚያ የሚፈራው ዝናቡ መቅረቱ፣ ወይም ደግሞ ባንዴ መጥቶ ዋቢ ሸበሌን ማስሞላቱ ነው፤ ለወንዙ የባሌና የሐረርጌ ደጋዎች ትንበያ ከራሱ ከጎዴ ትንበያ ይበልጣል፤ ውኃው የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ዘንድሮ አባቴ ሲደውል ትንበያ ከመክፈቴ በፊት እኔ እጠይቀዋለሁ። የትኛው ማሳ ነው? ስንት ሰው አለህ? ለመክመር ስንት ቀን ይበቃሃል? ትናንት ማታ ነፋሱ ከየት ነበር? ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን የማየው። ባለፈው ሳምንት የአውሮፓውና የአሜሪካው ስሌት ለሁለት ቀን ተስማምተው፣ በሦስተኛው ተለያዩ። መግለጫውም «በጥቂት ቦታዎች» ይላል። ተመካከርንና ከላይኛው ማሳ አንድ ጥማድ ብቻ ታጨደ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ተከመረ። ታችኛውን ለኅዳር 13፣ ለሚካኤል ማግስት አቆይተነዋል።